«ማን ከፈተው?» ስል አትደንግጡ

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ የላፕቶፔን ፋን ላጸዳ ከፍቼው ነበር፤ ስገጥመው አልበራም አለ። ማዘርቦርዱ ይሠራል ወይስ ሌላ ልግዛ?» ትላለች። ማዘርቦርድ የላፕቶፑ ዕቃ ሁሉ የሚገናኝበት ዋናው ቦርድ ነው። የገረመኝ እሷው መክፈቷን ሳትደብቅ መናገሯ ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛው «በራሱ ጠፋ» ነው የሚለው። እሷን ሳነብ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ።

በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ያኔ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ሰው ቤት ተቀጥሬ ነበር የምሠራው። በሩ ላይ «ሌላ ቦታ የተከፈተ ዕቃ አንቀበልም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ያስለጠፈው ባለሱቁ ነው፤ እኛም ሠራተኞቹ አልጠላነውም፣ ከጭቅጭቅ ያድነናላ። አንድ ቀን የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፍ ልጅ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ምን ሆነ ስለው «እንጃ፣ በራሱ ጠፋ» አለ።

ቻርጀሩን ስሰካው የቻርጀሩ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ይህ ማለት 19 ቮልቱ የሚገባበት መስመር ሾርት አድርጓል፣ መነካካት ከሌለበት መስመር ጋር ተገናኝቷል፣ ቻርጀሩም ራሱን ለማዳን ዘግቷል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ቀድሞ የሚጠረጠረው ካፓሲተር ነው፤ ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ ነው፣ ቦርዱ ላይ ብዙ አለ። አንዱን አነሳለሁ፣ እለካለሁ፣ ሾርት። ሌላውን አነሳለሁ፣ አሁንም ሾርት። መሃል ላይ መብራት ይሄዳል። ሲመጣ ደግሞ መስመሩ ላይ 1 ቮልት ብቻ ለቅቄ ቦርዱን አልኮል ቀባሁት። የሚግለው ዕቃ ላይ ያለው አልኮል ቶሎ ስለሚደርቅ ጥፋተኛው ይለያል። የደረቀው ግን ምንም ዕቃ የሌለበት ባዶ ቦታ ነበር፣ ልክ ከታች ብሎን ከሚታሰርበት ትይዩ።

በአጉሊ መነጽር አየሁት። የመርፌ ራስ የምታክል ጉድጓድ ናት፤ ጠርዟ ጠቁሯል፣ ከጥቁሩ መሃል መዳብ ብልጭ ይላል። ማዘርቦርድ ሲያዩት አንድ ወጥ ይምሰል እንጂ እንደ መሶብ እንጀራ የተደራረበ ነው፤ በየድርቡ መስመር አለ። በአጭር ብሎን ቦታ ረጅም ብሎን ሲገባ ጫፉ ቦርዱን ይወጋና እነዚያን መስመሮች እርስ በርስ ያገናኛቸዋል።

«ብሎን ስታስር የተቸገርክበት አለ?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «አንዷ አልገባም ብላኝ ነበር፤ ገፋኋት።»

ይህ እንኳ ባልከፋ። ጉድጓዷን ፍቆ፣ ድርቦቹን ለይቶ፣ የተቆረጠውን መስመር በቀጭን ሽቦ መቀጠል ይቻላል። ልጁ ግን ላፕቶፑ እምቢ ሲለው ከጓደኛው ጉልበታም ቻርጀር ተውሶ ደጋግሞ ሰክቶበታል። የራሱ ቻርጀር የሚዘጋበትን፣ ያኛው እየገፋ ድርቡን ውስጥ ለውስጥ አከሰለው። የከሰለ ነገር ደግሞ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አንዱን ስፍቅ ሌላው ይገናኛል። ተውኩት።

ሀርድ ዲስኩ ለብቻው የሚወጣ ስለነበር ጽሑፉ ተረፈ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ልጁ ቻርጀር ሳይዋስ በፊት እኛው ሱቅ ድረስ መጥቶ ነበር። ወረቀቷን አንብቦ ተመለሰ። ይህን የነገረኝ ላፕቶፑን መልሶ ፌስታል ውስጥ ሲከት ነው።

የራሴን ሱቅ ስከፍት ያችን ወረቀት አልለጠፍኩም። የተነካካ ዕቃ ሲመጣ ግን ዋጋ እጨምራለሁ፤ አልዋሽም፣ ድካሙ እጥፍ ነው።

እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ ቪዲዮ አፍጥናችሁ ታያላችሁ። ሰውዬው «መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ» የሚላትን ቦታ ታልፏታላችሁ። ከዚያ ብሎኑን ሁሉ አንድ ሲኒ ውስጥ ትጨምሩታላችሁ፣ ረጅሙንም አጭሩንም። ላፕቶፑ ቢጠፋም ባትሪው እስካልተነቀለ ድረስ ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ አለ። ከሁሉ የሚብሰው የስክሪን ኬብል ነው። ባትሪው ሳይነቀል ኬብሉ ጠመም ብሎ ከገባ፣ ለስክሪኑ መብራት የሚሄደው ቮልት ወደ ምስል መስመሮቹ ይሻገርና እስከ ፕሮሰሰሩ፣ እስከ ላፕቶፑ አንጎል ሊደርስ ይችላል። ፊውዝ ብቻ ከተቃጠለ ዕድለኛ ናችሁ። ቦርዱን ምጣድ ላይ ያሞቀ ልጅም አውቃለሁ፤ ስለሱ አልናገርም።

ቤት አትክፈቱ ብዬ ልጨርስ ነበር። ግን በየትኛው አፌ? እኔ ሙያውን የጀመርኩት የአባቴን ሬዲዮ ፈትቼ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። አንድ ቀን ድንጋዩን ብቻ ማስጣት ሰለቸኝና ሬዲዮውን ራሱን በተንኩት። ስለዚህ ክፈቱ፣ እጃችሁ ይልመድ። ብሎኑን ከየት እንዳወጣችሁት ወረቀት ላይ እየሳላችሁ እዚያው ላይ በፕላስተር ለጥፉት። እምቢ ካለ ግን እዚያው አቁሙ፣ ሌላ ቻርጀር አትሞክሩ። ለሠራተኛውም ያደረጋችሁትን ሁሉ ንገሩት፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

አንቺ እህቴ፣ ሳላየው ሌላ አትግዢ። ባትሪውን ንቀይና ላፕቶፑን ይዘሽ ነይ። ስስ ከሆኑት ላፕቶፖች አንዱ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪኝ፣ አንዳንዶቹ ላይ ፋይል የሚቀመጥበት ቺፕ እዚያው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አያያዙ ይለያል። ብሎኖቹን በሙሉ አምጪ፣ የተረፈሽም ካለ። ሒሳቡን ካየሁት በኋላ እንነጋገራለን።