ባሌ ጸሎት አቁሟል፤ እምነቱን እንዴት ልመልስለት?

ጥያቄ፦ ባሌ ከስምንት ወር በፊት ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሲጓዝ መኪናቸው ተገለበጠ። የሚነዳው እሱ ነበር። ወንድሙ አረፈ፤ እሱ በተአምር ተረፈ። አደጋው ሲደርስ መዝሙር እየሰሙ ነበር፤ ባሌ እንዲያ ያለ አማኝ ነበር። አሁን ግን ጸሎት ትቷል። መዝሙር ስከፍት ተነስቶ ይወጣል። ሌሊት እየጮኸ ይነቃል። «እግዚአብሔር ያተረፈህ ለምክንያት ነው» ስለው ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ቀን «ምነው እኔን በወሰደኝ» ሲል «እግዚአብሔርን አታሳዝን» ብዬ ተቆጣሁት። ቤታችን ያለ ጠባቂ የቀረ ይመስለኛል። እምነቱን እንዴት ልመልስለት?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ስለ እምነቱ ነው። እኔን ግን የያዘኝ በአጭሩ ጽፈሽ ያለፍሽው ነገር ነው። መኪናው ውስጥ መዝሙር ነበር። አሁንም መዝሙር ሲሰማ ይወጣል።

ሰው ለሞት የሚያሰጋ ነገር ሲደርስበት፣ በዚያች ቅጽበት የነበረው ድምፅ፣ ሽታና ብርሃን ከፍርሃቱ ጋር አብሮ አእምሮው ውስጥ ሊቀር ይችላል። ድምፁ ሲመለስ አደጋው አሁን የሚደርስ ያህል ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል። ስለዚህ ሰውየው ይሸሻል። ይህ ሽሽትና ሌሊት የሚያስጮኸው ቅዠት ፒቲኤስዲ በሚባለው የሥነ ልቦና ጉዳት ላይ በብዛት የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ባለቤትሽን ሳላየው ይህ ነው ልልሽ አልችልም። ነገር ግን አንቺ ክህደት ብለሽ ያነበብሽው ያልዳነ ቁስል ሊሆን ይችላል።

«ለምክንያት ነው ያተረፈህ» የሚለውንም እሱ በሰማበት ጆሮ ስሚው። መሪውን የያዘው እሱ ነበር፤ የሞተው ወንድሙ ነው። እሱ የተረፈው ለምክንያት ከሆነ፣ ወንድሙስ የሞተው ለምንድን ነው? አንቺን የሚያጽናናሽ ቃል ለእሱ ክስ ሊሆንበት ይችላል። ኬኔት ፓርጋመንት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እምነት በመከራ ጊዜ የሚሠራውን ሥራ ለረጅም ዓመታት አጥንቷል። እምነት ብዙዎችን ደግፎ ያቆማል። «አምላክ እየቀጣኝ ነው፣ ትቶኛል» የሚል ስሜት ሲገባ ግን ጭንቀቱ ይብሳል። እንዲህ ያለውን ሰው «እምነትህ ደከመ» ማለት በጥፋተኝነቱ ላይ ሌላ ጥፋት መጨመር ነው። የኢዮብን ወዳጆች ታስታውሻለሽ። 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። የጎዱት ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው።

አሁን ቅር ሊልሽ የሚችል ነገር ልበል። «ቤታችን ያለ ጠባቂ የቀረ ይመስለኛል» ብለሻል። እዚህ ጋ ስለ ራስሽ ነው የጻፍሽው። አንቺም ባልሽን ልታጪ ነበር። «የሚጸልይ ሰው ክፉ አይደርስበትም» የሚል፣ አውጥታችሁ ያልተናገራችሁት መተማመኛ በቤታችሁ የነበረ ይመስለኛል። ያ አደጋ መተማመኛውን ሰበረው። አንቺ ፍርሃቱን የምትችዪው ጸሎቱን አጥብቀሽ በመያዝ ነው፤ እሱ ደግሞ በመራቅ። «ጸልይ» ስትይው ከፊሉ «ፍርሃቴን አስታግሥልኝ» ማለትሽ አይደለም ወይ? ልፈርድብሽ አይደለም፤ የፈራ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ነገር ግን በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ወንድሙ ጠይቀሽው እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር አላገኘሁም።

ለጊዜው እሱ ባለበት መዝሙሩን በጆሮ ማዳመጫ ስሚ። ምክንያት ከመስጠት ተቆጠቢ። ሲመቸው «ስለ ወንድምህ ልትነግረኝ ትፈልጋለህ?» በይው፤ እንቢ ካለ አትጫኚው። «ምነው እኔን በወሰደኝ» የሚለውን ግን እንዳትንቂው። ብዙ ሐዘንተኛ ይለዋል፤ ቢሆንም «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። መጠየቅሽ ሐሳቡን አይጨምርበትም። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዪው፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰጂው።

ባይልም እንኳ ስምንት ወር ሙሉ ቅዠት ያለበት ሰው የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሐኪም በአካል ቢያየው እመክራለሁ። ለእንዲህ ያለ ጉዳት የሚረዱ ሕክምናዎች አሉ፤ ጊዜ ግን ይወስዳሉ። የሚቀበለው የሃይማኖት አባት ካለ ጎን ለጎን ቢያገኘው ጥሩ ነው፤ የማይገሥጽና የሚያዳምጥ ከሆነ። ወደ ጸሎት መቼ እንደሚመለስ፣ ይመለስ እንደሆነም፣ ለእሱ ተዪው። «ሐኪም ጋ አልሄድም» ካለሽ ደግሞ አንቺ ቀድመሽ ሂጂ። በዚያ አደጋ የደነገጥሽው አንቺም ነሽ፤ ስለዚያ እስካሁን ለማን ነግረሻል?