የሰውን አካል ከመንካታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። የተጎዳ ስሜትን በአካል በኩል የማከም ሥራ፣ ሶማቲክ የሚባለው፣ በየት በኩል ይገባበታል ትሉኛላችሁ። ጥያቄውን ዘመኑ አምጥቶታል። በእነዚህ ዓመታት ተኩስ ያልሰማ፣ ዘመድ ያልቀበረ፣ ከቀዬው ያልተፈናቀለ ሰው ማግኘት ከባድ ሆኗል። ብዙው ሰው ደግሞ ፈራሁ ብሎ አይመጣም፤ ትከሻዬን ያቃጥለኛል፣ ደረቴን ያፍነኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብሎ ነው የሚመጣው። ሥራው ያስፈልጋል። የምትገቡበት በር ግን ያሳስበኛልና ስለ እርሱ ልጻፍላችሁ።

እኔ የገባሁት በፊዚዮቴራፒ ነው። ወደዚህኛው ሥራ የሳቡኝ አጥንታቸው ገጥሞ እጃቸው ያልተፈታላቸው ሰዎች ናቸው። ራጁ ድኗል ይላል። ክንዳቸውን ላነሣ ስጠጋ ግን ትንፋሻቸው ይቆማል፣ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ይወጣል፣ ዓይናቸው በሩን ይፈልጋል። ዛሬ ያፍታታሁት ጡንቻ በነጋታው እንደገና ደርቆ ይጠብቀኛል። ምክንያቱን ከጡንቻው ውጭ መፈለግ ነበረብኝ፤ ማንበብ ጀመርኩ።

ዋልተር ካነን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ፣ አደጋ ሲመጣ ሰውነት ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ትላልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። መታገልም መሸሽም ያልቻለ ሰው ደግሞ ደርቆ ሊቀር ይችላል። አደጋው ካለፈ በኋላም ይህ ዝግጁነት የማይበርድላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ እነርሱ ናቸው። ትዝታ ግን በጎተራ እንዳለ እህል ጡንቻ ውስጥ ተከማችቶ አይቀመጥም፤ እንዲህ ብሎ የሚያስተምራችሁን አትመኑ። የሚማረውም የሚፈራውም አንጎልና ሥርዓተ ነርቭ ነው፤ ጡንቻው የሚታዘዘው ለእነርሱ ነው። ከውስጥ አካላት ወደ አንጎል ወሬ የሚያደርሰው ቬገስ ነርቭም አብዛኞቹ ክሮቹ ወደ ላይ የሚጓዙ ናቸው። በእርጋታ ረዘም አድርጎ መተንፈስ ልብን የሚያዘገየው በዚሁ ነርቭ በኩል ነው።

ዘዴዎቹን ያወጡት ሰዎች ታሪክም ብዙ አስተምሮኛል። ኤድመንድ ጃኮብሰን ጡንቻን አጥብቆ መልሶ የማላላትን ልምምድ የቀመረ ሐኪም ነበር። ሞሼ ፌልደንክራይስ ኢንጂነርና የጁዶ መምህር ሲሆን፣ የተጎዳ ጉልበቱን ለማዳን የራሱን እንቅስቃሴ ሲመረምር ነው መንገዱን ያገኘው። ኤልሳ ጊንድለር በርሊን ውስጥ ጂምናስቲክ ታስተምር ነበር። ፒተር ሌቪን በባዮፊዚክስም በሥነ ልቦናም የተማረ ነው። በራቸው ይለያያል፤ ሁሉም ግን ይህን ከመጀመራቸው በፊት አንድ ሙያ በእጃቸው ነበረ። እናንተም እንዲሁ እንድትሆኑ ነው የምለምናችሁ። ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ሐኪም፣ ከእነዚህ አንዱን ሁኑ። ጎንደር ለዚህ አመቺ ከተማ ናት። በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ዛሬ ፊዚዮቴራፒም የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ሙያ ያዙ የምለው ለወረቀቱ ብዬ አይደለም። ወገቤን ብሎ የመጣ ሰው ማታ ማታ የሚያልበው፣ የሚከሳና ትኩሳት ያለው ከሆነ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ያንን ሰው ፍራሽ ላይ አስተኝታችሁ ትንፋሽህን አዳምጥ ብትሉት አካሉ ሽባ እስኪሆን ጊዜውን ትበሉበታላችሁ። ክብደት መቀነስን፣ የእግር መደንዘዝን፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻልን የማይጠይቅ ሰው አካል ላይ የመሥራት መብት የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከተፈናቃዮች መካከል አንዲት እናት ቀኝ ክንዳቸውን ማንሣት አቅቷቸው መጡ፤ ከምጣድ እንጀራ ማውጣት እንኳ ተስኗቸዋል። መርምሬ የተሰበረም የተቀደደም ነገር አላገኘሁም። ትከሻቸውን ግን አልነካሁም። የት መቀመጥ እንደሚሻላቸው ጠየቅኋቸው፤ ግድግዳውን ተደግፈው በሩን የሚያዩበትን ቦታ መረጡ። ከሰውነታቸው የቱ ደህና እንደሆነ ጠየቅሁ። ትንሽ አሰቡና «እግሬስ ምንም አይል» አሉኝ። የጀመርነው ከእግራቸው ነው። መሬቱን ሲረግጡ ምን እንደሚሰማቸው፣ ተረከዛቸው ሞቃት ይሁን ቀዝቃዛ፣ እየተነጋገርን ቆየን። ከዚያ ለአፍታ ወደ ትከሻው፣ ወዲያው ደግሞ ወደ እግር። መንቀጥቀጥ ሲጀምራቸው እንዲቀጥሉ አልገፋሁም፤ መስኮቱን እንዲያዩ፣ በዓይናቸው ያገኙትን እንዲነግሩኝ አደረግሁ፤ በዚያው የዕለቱን አበቃን። ምን እንደደረሰባቸው አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። ጥቂቱን በራሳቸው ጊዜ ነገሩኝ። ክንዳቸው ቀስ በቀስ ተነሣ፤ ወደ ሥራቸውም ተመለሱ። እንቅልፋቸው ግን አልተስተካከለም፤ ቅዠቱም አልተዋቸውም፤ ስለዚህ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ላክኋቸው፤ በዚያም እርዳታ አገኙ።

ወጣት ባለሙያ ለቅሶና መንቀጥቀጥ ሲያይ ሕመሙ እየወጣ ነው ብሎ ይደሰታል፤ ይበልጥ ይገፋል። በዚህ ሥራ ከሁሉ የምፈራው ይህንን ነው። የፈራ ሰው ፍጥነቱን ራሱ ካልመረጠ ሁለተኛ ጊዜ ይጎዳል። ዓይናችሁን ጨፍኑ የሚለው ትእዛዝ እንኳ አንዳንዱን ይበልጥ ያስፈራዋል። በፍጥነትና በኃይል መተንፈስ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀንሶ ያዞራል፣ ጣት ያደነዝዛል፤ ያንን ፈውስ ነው ብሎ መሸጥ ነውር ነው። በዓቢይ ጾም ከቀትር በፊት የመጣን ሰው ለረጅም ጊዜ አታቁሙት፤ ባዶ ሆዱን ነው። ስትነኩ በየጊዜው ፈቃድ ጠይቁ፤ አንዲት ሴት እኅቷ አብራት እንድትገባ ከፈለገች ትግባ።

ማስረጃውንም በእውነት ተናገሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ለከባድ የስሜት ቁስል እንዲሰጡ ብሎ ከዘረዘራቸው ሕክምናዎች መካከል በቁስሉ ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ይገኝበታል። የአካል ዘዴዎች ጥናት ገና ያን ያህል አልጠነከረም። እኔ በዓይኔ ያየሁት ጥቅም አለ፤ ያየሁትን ግን የተረጋገጠ ነው ብዬ ለታካሚ አልሸጥም። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ሲመጣም አትከራከሩት፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ብቻ አጥብቃችሁ ንገሩት።

የራሳችሁንም አካል ዕወቁ። እኔ ከሥራ በኋላ ወደ ቁስቋም ዳገት እወጣለሁ፤ የሰውን ጭንቀት ስሰማ ውዬ የጠበቀው መንጋጋዬ የሚላላው እዚያ ነው። እስክስታ የምትችሉም አትተዉት።

ሥልጠና ፍለጋ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አሠልጣኙ ሥራውን ማን ይከታተለዋል? ታካሚ ሲባባስበት ወዴት ይልካል? በሁለት ቀን የምስክር ወረቀት ይሰጣል? ፒተር ሌቪን ባወጣው ዘዴ የሚሰጠው ሥልጠና እንኳ ሦስት ዓመት ገደማ ይወስዳል። የሁለት ቀኑን ወረቀት ተዉት፤ በዚያ ገንዘብ የሰው አካል አወቃቀር መጽሐፍ ግዙና ከእግር ጀምሩ።