ሞቀ ሲሉህ ወደ ቫልቩ አትሩጥ

ከደብረ ማርቆስ የላክልኝን ደብዳቤ አነበብኩት። በመካኒክስ ሌቭል 4 ጨርሰሃል፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ም አልፈሃል። አንድ ፋብሪካ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶህ ስለ ጊርቦክስ፣ የሞተሩን ኃይል በማርሽ ለማሽኑ ስለሚያስተላልፈው ሳጥን፣ አነሱብህና «የጊርቦክሱ ዘይት ከወትሮው በላይ ቢሞቅ ምን ታደርጋለህ?» አሉህ። «የማቀዝቀዣውን ውሃ እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ» አልክ። ተሳሳቁ፤ ሳይደውሉልህም ቀሩ። አሁን «ሙያውን ትቼ አጎቴ ሱቅ ልግባ ወይ?» ትለኛለህ።

አትተወው። መሳቃቸው ነውር ነው። መልስህ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ጎዶሎ ነበር።

300 ኪሎዋት የሚያስተላልፍ ጊርቦክስ 3 በመቶውን ብቻ ቢያባክን 9 ኪሎዋት ሙቀት ነው። አንድ ብረት ሳጥን ውስጥ ከሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ በላይ ተጥዶ ሲውል አስበው። ያንን ሙቀት ይዞ የሚወጣው ውሃው ነው። አንዳንዱ ዘይቱ ውስጥ በተጠመጠመ ቱቦ ያልፋል፤ ሌላው ውጭ በተተከለ ማቀዝቀዣ።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ሲገባና ሲወጣ ያለውን ሙቀት አነጻጽር። የሚወጣው ውሃ ከወትሮው በጣም ከሞቀ፣ የሚያልፈው ውሃ አንሷል፦ ማጣሪያው ተደፍኖ ወይም ፓምፑ ደክሞ ይሆናል። ዘይቱ እየጋለ ውሃው እንደገባ ቀዝቃዛ ሆኖ ከወጣ ግን ሙቀቱ ወደ ውሃው እየተላለፈ አይደለም። ያኔ የውሃውን ቫልቭ ብትከፍት ባትከፍት ለውጥ የለውም። ብዙ ጊዜ ቱቦው ውስጥ ቅርፊት ተጋግሮ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምታየው ነጩ ነገር። እንደ ደጀን ባለ የኖራ ድንጋይ አገር ውሃው ኖራ ስለሚይዝ ይህን መጠርጠር አይከፋም። የዘይቱን ልክም እይ። ማነሱ ብቻ ሳይሆን መብዛቱም ያሞቃል፤ ማርሾቹ እንደ እርጎ ይንጡታል።

ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ማቀዝቀዣው ቀዳዳ አበጅቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ለኃላፊህ ንገርና ማሽኑ ይቁም። ለመፍታት ስትነሳ ኃይሉን አጥፋ፣ ማጥፊያውን ቆልፍ፣ ቁልፉ ኪስህ ይግባ። እስኪበርድ ጠብቅ፤ የጋለ ዘይት ቀልድ አያውቅም። ማሽኑ እየሠራ የውሃውን መግቢያና መውጫ ሁለቱንም አትዝጋ። የታፈነ ውሃ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ መሄጃ ሲያጣ ቱቦውን ይሰነጥቃል።

ሌላ ቦታ ሲጠይቁህ እንዲህ በል፦ «ለሺፍት ኃላፊው አሳውቃለሁ። የዘይቱን ልክና መልክ፣ የውሃውን መግቢያና መውጫ ሙቀት አያለሁ። ከተፈቀደው ገደብ ካለፈ እንዲቆም አደርጋለሁ።» ይህን የሚል ልጅ ላይ ማንም አይስቅም።

ቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላንተ ሩቅ አይደለም። እዚያ ያሉ ፋብሪካዎች ጋ ሄደህ የጥገና ክፍሉን ኃላፊ ለአንድ ወር ልምምድ ጠይቅ። በር ላይ ጥበቃው ቢመልስህ በማግስቱ ተመለስ። ሲቪህ ላይ «በጥገና ልምድ አለኝ» የምትለዋን መስመር አውጣት፤ በልምምድ ጊዜ በእጅህ የፈታኸውን ማሽን በስሙ ጻፍ። ካስተካከልከው በኋላ ላክልኝና አየዋለሁ።