ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ የእግር ሕመም

ጥያቄ፦ አባቴ 66 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው። ከአሥር ወር በፊት የግራ እግራቸው ደም ቧንቧ ተዘግቶ፣ ከጭናቸው በተወሰደ ደም መልስ ቧንቧ መተላለፊያ ተቀጠለላቸው። ደህና መራመድም ጀምረው ነበር። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ሌሊት ጣቶቻቸውን ያቃጥላቸዋል፤ ወንበር ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ነው የሚያድሩት። ጎረቤት ሁሉ ብርድ ነው ስላለን በጨውና በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፍን እናሻቸዋለን። ዲክሎፌናክም እየገዛን እንሰጣቸዋለን፤ አሁን ግን አልረዳ አላቸው። የሚሻል ማስታገሻ የቱ ነው? (ሴት ልጃቸው፣ ከሰበታ)

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ማስታገሻ ቢሆንም የሚያስጨንቅዎ የእግራቸው መቆረጥ ይመስለኛል። ምልክቱ የተቀጠለው ቧንቧ እየጠበበ መሆኑን በብርቱ ያስጠረጥራል። ጠበበ ማለት ግን ተዘጋ ማለት አይደለም። የጠበበውን ቦታ ቧንቧው ውስጥ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ ማስፋት ወይም በቀዶ ጥገና መጠገን ይቻላል፤ በጊዜው ተደርሶባቸው እግራቸው የተረፈላቸው ብዙዎች ናቸው። ፈጽሞ ከተዘጋ በኋላ ግን ማስከፈቱ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።

አንድ ወር ሙሉ መጠበቃችሁ አሳዝኖኛል፤ አስቆጥቶኛልም። ቧንቧ የተቀጠለለት ሰው በመጀመሪያው ዓመት በየጥቂት ወሩ የደም ፍሰቱ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። በስፌቱ አካባቢና በቧንቧው ውስጥ ግድግዳው እየወፈረ የሚጠበው ባብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው፤ ሕመም ከመሰማቱ በፊትም ሊጀምር ይችላል። ጥፋቱ የአባትዎ ወይም የቀዶ ሐኪሙ ነው ማለቴ አይደለም። የክትትል ቀጠሮው ግን ለዚህ ነበር።

አሁን ወደ «ብርድ» ልምጣ። የሰበታም ሆነ የቡራዩ ሌሊት ይበርዳል፤ የታመመ እግር ሲቀዘቅዝ ብርድ መታው ማለታችን አይገርምም። የአባትዎ እግር የቀዘቀዘው ግን ደም ስለማይደርሰው ነው። ሲተኙ የሚብሰውም በጋደሙበት ደሙ ወደ ታች የሚስበው ስለሚያጣ ነው፤ ሲያንጠለጥሉት ጥቂት ይወርድላቸውና ይታገሳቸዋል። ጋደም እንዳሉ እግሩን ለአንድ ደቂቃ ያህል ከፍ ያድርጉላቸውና መርገጫውን ይመልከቱ። ከነጣ፣ ሲያንጠለጥሉት ደግሞ ቀልቶ ወደ ሐምራዊ ካደላ፣ ያ ቅላት «ደሙ ተመለሰ» የሚያሰኝ አይደለም። ቤተሰብ የሚታለለው በዚህ ነው። ሙቅ ውሃው አቀላው፣ ተሻላቸው ብለው ደስ ይላቸዋል፤ እግሩ ግን በደም እጦት እየተጎዳ ነው።

ሙቀት የእግሩን የደም ፍላጎት ይጨምራል፤ የሚመጣ ደም ግን የለም። ስኳር ነርቫቸውን አደንዝዞት ከሆነ ደግሞ ውሃው ሲያቃጥላቸው አይሰማቸውም። የሽንብራ ፍሬ የምታክል ውኃ የቋጠረች ቁስል ደም በሌለው እግር ላይ አትድንም፤ ትጠቁራለች፣ ትሰፋለች። ብዙ እግር ለመቆረጥ የሚደርሰው በእንዲህ ዓይነት ቁስል ነው። ስለዚህ መዘፍዘፍ፣ ከሰል ዳር ማሞቅ፣ ሙቅ ጠርሙስ ማስጠጋት፣ በቅባት ማሸት፣ ወጌሻ ዘንድ መውሰድ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም! ሰፋ ያለ የጥጥ ካልሲና ጋቢ ይበቃቸዋል። ወንበር ላይ ቢያድሩም አይቆጧቸው፤ እስኪታከሙ ይታገሳቸዋል።

ዲክሎፌናኩንም ያቁሙ። የስኳር ሕመምተኛን ኩላሊት ይጎዳል፤ የደም ቧንቧ ሕመም ላለበት ሰው ልብም አይበጅም። በሐኪም የታዘዘላቸውን አስፕሪንና የኮሌስትሮል መድኃኒት ግን ጾም ነው ብለው እንኳ እንዳያቋርጡ። የሚያጨሱ ከሆነ ሲጋራው ዛሬውኑ ይቅር።

ነገ ሐኪም ዘንድ ከመድረሳችሁ በፊት እግሩ በድንገት እንደ በረዶ ቢቀዘቅዝ፣ ቢነጣ፣ ቢደነዝዝ ወይም ጣቶቹ አልንቀሳቀስ ቢሉ እስኪነጋ አይጠብቁ። ያኔ ያለን ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ያገኙትን መኪና ይዘው የቀዶ ሕክምና ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል ይሂዱ።

ነገ ሲሄዱ የቀዶ ጥገናውን ወረቀትና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይያዙ። ስንት ዲክሎፌናክ እንደዋጡም ሳይደብቁ ይናገሩ። ቧንቧውን በራጅ ለማየት የሚሰጠው ቀለም ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሐኪሙ አስቀድሞ ኩላሊታቸውን መመርመር ይኖርበታል።