ከጉርምስና እስከ ማረጥ፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሰላም እህቶች። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው። ሴቶች ታክመው ሊወጡ ሲሉ የበሩን እጀታ እንደያዙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ጥያቄያቸው እሱ ነው። ዛሬ ያንን በግልጽ አንሡልኝ። ስም አያስፈልግም፣ ዕድሜና ሰፈር ይበቃል። ሳላይ መድኃኒት አላዝም፤ የቱ የተለመደ እንደሆነ፣ የቱ ደግሞ ሳይውል ሳያድር መታየት እንዳለበት ግን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ (17 ዓመት፣ ስድስት ኪሎ)፦ ሲስተር፣ 12ኛ ክፍል ነኝ። የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት እቀራለሁ፤ ያስመልሰኛል። አክስቴ «ስትወልጂ ይተውሻል» ትለኛለች። እውነት ነው?

መልስ፦ የኔ ቆንጆ፣ አንዳንዶቹን ሲወልዱ ይሻላቸዋል፤ አንቺ ግን እስከዚያ በየወሩ ሁለት ቀን መተኛት የለብሽም። ማህፀን የውስጥ ሽፋኑን ሲያራግፍ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ማህፀኑን የሚያኮማትረው፣ ሆድሽንም የሚያውከው እሱ ነው። አይቡፕሮፌን ይህ ንጥረ ነገር እንዳይመረት ስለሚያግድ፣ ሕመሙ እስኪበረታ ሳትጠብቂ ገና ሲጀምርሽ፣ ምግብ ቀምሰሽ ነው የሚወሰደው። ጨጓራ፣ አስም ወይም የኩላሊት ችግር ካለብሽ ግን ሳትጠይቂ አትውሰጂ። ሙቅ ውሃ በላስቲክ አድርጎ እምብርት ሥር መያዝም ያስታግሳል።

መድኃኒቱን በአግባቡ ወስደሽ ሁለት ሦስት ወር አይተሽ ካልተሻለሽ፣ ሕመሙ ከዓመት ዓመት ከባሰ፣ ከወር አበባ ውጭም ካመመሽ፣ ወይም በዚያ ሰሞን ሰገራ ስትቀመጪ ከወጋሽ የማህፀን ሐኪም ይይሽ። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ የማህፀንን ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል። ብዙዎች «የሴት ነገር ነው፣ ቻይው» እየተባሉ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው የሚታወቅላቸው። ስለዚህ ሐኪሙ ጋ ስትገቢ «ያመኛል» ብቻ አትበዪ፤ «ከትምህርት እቀራለሁ፣ ያስመልሰኛል» በዪ። ክብደቱን የሚያስረዳው እሱ ነው።

ጥያቄ (የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ ፒያሳ)፦ ልጄን ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ሊሰጧት ነው። ጎረቤቶቼ «መካን ያደርጋል» አሉኝ። ፈራሁ።

መልስ፦ ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ ለልጅ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ያሳስባል። ግን መካን አያደርግም። ክትባቱ ይህን ካንሰር የሚያመጣውን የኤችፒቪ ቫይረስ ውጫዊ ሽፋን የሚመስል ፕሮቲን እንጂ ቫይረሱን አልያዘም፤ ከማህፀንም ሆነ ከእንቁላል ማምረቻ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የ14 ዓመት ልጃገረዶችን መከተብ ጀምራለች። ገና በልጅነት የሚሰጥበት ምክንያት ከቫይረሱ ጋር ሳይገናኙ በፊት ሲሆን ጥበቃው ስለሚበረታ ነው። ክንዷ ሊያብጥ፣ ትንሽ ሊያተኩሳት ይችላል። አንዳንድ ልጆች መርፌ ሲያዩ ራሳቸውን ስለሚስቱ ቁርስ በልታ ትሂድ፤ ከተወጋች በኋላም ጥቂት ትቀመጥ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ፦ አንቺስ ተመርምረሻል? ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ማድረግ አለባት፤ ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ደግሞ ከዚያም ቀደም ብላ። በጤና ጣቢያ የሚሠራው ቀላል ነው፦ የማህፀን በር ላይ በውሃ የቀጠነ የኮምጣጤ አሲድ ይቀባል፣ የተለወጠ ሕዋስ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ለውጡ ለዚያ ሕክምና የሚመች ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። ይህ በሽታ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ዓመታት ይወስዳል፤ እኛ የምንፈልገው በእነዚያ ዓመታት ውስጥ እንድትመጡ ነው። ደም መፍሰስ ጀምሯቸው፣ ግንኙነት ሲፈጽሙ እየደሙ የሚመጡ እናቶችን ሳይ በጣም አዝናለሁ፤ ምርመራው ቅርባቸው ነበርና።

ጥያቄ (26፣ ልደታ)፦ ያሳክከኛል፣ ነጭ ፈሳሽም አለኝ። በሎሚና በሳሙና እየታጠብኩ ነው፣ ግን ባሰብኝ።

መልስ፦ የባሰብሽ በመታጠቡ ሊሆን ይችላል። ብልት ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ሎሚው፣ ሳሙናው፣ ዴቶሉ እነሱን ይገድላል፣ ቆዳውንም ያቆስላል። ውጭውን በንጹሕ ውሃ ታጠቢ፣ ውስጡን ተዪው። እርጎ የመሰለና የሚያሳክክ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው። ግራጫ ሆኖ የዓሣ ዓይነት ሽታ ካለው ሌላ ነው፣ መድኃኒቱም የተለየ ነው። አረንጓዴ ወይም ቢጫ ከሆነ፣ ታችኛው ሆድሽን ካመመሽ ወይም ካተኮሰሽ ከባለቤትሽ ጋር አብራችሁ መታከም ሊኖርባችሁ ይችላልና ቶሎ ነይ። ከመድኃኒት ቤት በግምት አትግዢ።

ጥያቄ (31፣ መርካቶ ሱቅ ያለኝ)፦ ሽንቴን ሲያቃጥለኝ ይኸው ሦስተኛ ጊዜዬ ነው በዚህ ዓመት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ውስጥ ስትቆሚ መጸዳጃ ቤት የምትሄጂው ስንት ጊዜ ነው? መርካቶና ፒያሳ የሚሠሩ ሴቶች ንጹሕ መጸዳጃ ስለማያገኙ ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ፣ ሽንታቸውንም ይይዛሉ። የሴት የሽንት ቱቦ አጭር ነው፤ ባክቴሪያው በቀላሉ ፊኛ ውስጥ ይገባል፣ ሽንቱ ተጠራቅሞ ሲቆይ ደግሞ ይራባል። ውሃ ጠጪ፣ ሲመጣ አትያዢ፣ ከግንኙነት በኋላ ሽንትሽን ሽኚ፣ ስትጠራርጊ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን። ከጎረቤት ባለ ሱቆች ጋር ተነጋግራችሁ እየተቀባበላችሁ ሱቅ ብትጠባበቁ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስት ጊዜ ከተመላለሰብሽ ግን የሽንት ካልቸር ይሠራልሽ፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚለየው እሱ ነው። የደም ስኳርሽንም ተለኪ። ጎንሽን ካመመሽና ብርድ ብርድ ካለሽ ወደ ኩላሊት ወጥቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ታከሚ።

ጥያቄ (28፣ ሜክሲኮ)፦ ዲፖ የሚባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ሁለት ዓመት ተወግቼ ካቆምኩ 7 ወሬ ነው፤ አላረገዝኩም። ማህፀኔን አበላሸው?

መልስ፦ አላበላሸውም። ዲፖ ከሰውነት እስኪወጣ ይዘገያል፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስከ አንድ ዓመት መቆየቱ የተለመደ ነው። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው መከላከያና ማህፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕ እንዲህ አያዘገዩም፣ በወጡ ማግስት ማርገዝ ይቻላል። ዓመት ካለፈሽ ከባለቤትሽ ጋር አብራችሁ ኑ። አብራችሁ ያልኩት አውቄ ነው፤ መዘግየቱ ከወንዱ በኩል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፣ የእሱ ምርመራ ደግሞ ቀላል ነው። እስከዚያ ፎሊክ አሲድ ጀምሪ። የፅንሱ አከርካሪና አንጎል የሚገጥምበት ጊዜ ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ስለሆነ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ያልፋል።

ጥያቄ (30፣ የ5 ወር ነፍሰ ጡር)፦ ሰፈራችን ፈርሶ ከፒያሳ ወደ ከተማው ዳር ተዛውረናል። የክትትል ካርዴ የድሮው ጤና ጣቢያ ነው። ደግሞም ጾም ስለገባ እየጾምኩ ነው፤ ደም ማነስም አለብሽ ተብያለሁ።

መልስ፦ እንኳን ጻፍሽልኝ። በመጀመሪያ ክትትሉን አታቋርጪ። የድሮው ጤና ጣቢያ ሄደሽ የማዛወሪያ ወረቀት ጠይቂ፤ ጊዜ ከሌለሽ ግን ያለ ወረቀትም አዲሱ ሰፈርሽ ያለው ጤና ጣቢያ ይቀበልሻል። የእርግዝና ክትትልና ማዋለድ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። የላብራቶሪ ውጤቶችሽን ፎቶ አንሥተሽ ስልክሽ ላይ ያዢ። አሁን የሚመከረው በጠቅላላው 8 ጊዜ መታየት ነው፤ ወደ መጨረሻው እየተቀራረበ ይሄዳል። ተቀጣሪ ከሆንሽ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለእርግዝና ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጥሻል፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናትም አሉሽ።

ስለ ጾሙ፣ ንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት የሚያቀሉላትን ብዙ ካህናት አውቃለሁ። ሙስሊም እህቶቼም በረመዳን ተመሳሳይ ፈቃድ አላችሁ። ልጾም ካልሽ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድሽን አትዋዪ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን ይብዛልሽ፤ ከላዩ ሎሚ ወይም ቲማቲም ጨምሪበት፣ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘው ብረት በደንብ የሚመጠጠው ያኔ ነው። የብረት ክኒኑን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር በፍጹም አትዋጪ። ቡናው ከመጣ ክኒኑና ቡናው ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራራቁ። ማቅለሽለሽ ካመጣብሽ ማታ ስትተኚ ውሰጂው። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ከክኒኑ ነው።

ጥያቄ (24፣ ቄራ)፦ እኔ ደግሞ 8 ወሬ ነው። ከትናንት ጀምሮ ራሴን ያመኛል፣ ፊቴና እጄ አብጧል፣ ዓይኔም ብልጭ ብልጭ ይልብኛል። ፓራሲታሞል ውጬ ነበር፤ ተወት አድርጎ ይመለሳል።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጽሑፍ ተዪውና አሁኑኑ ሂጂ። ጋንዲ ሆስፒታል ይቀርብሻል፤ ዘውዲቱም ቢሆን። ብቻሽን አትሂጂ፣ ነገ አትበዪ። የጻፍሽው የእርግዝና ደም ግፊት ምልክት ነው። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ምልክት ሲጨመርበት ወደ መንቀጥቀጥ ሊሄድ ይችላል፤ ሆስፒታል ውስጥ ግን መንቀጥቀጡን የሚከላከል መድኃኒት አለ። ስትደርሺ መልእክት ተዪልኝ።

(ባለቤቷ በኋላ ጽፎልኛል፤ ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኝቶ ተኝታለች። እባካችሁ፣ ከ5ኛው ወር በኋላ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ሲገናኙ «ድካም ነው» አትበሉ።)

ጥያቄ (27፣ ካዛንቺስ)፦ የደሜ ዓይነት ኦ ኔጌቲቭ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ የልጁ አባት ፖዘቲቭ ከሆነ ለሚቀጥለው ልጅ ሊያሰጋ ይችላል፤ መከላከያ አለው። አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ በ28ኛው ሳምንት፣ ከዚያም የተወለደው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ፅንስ ቢወርድሽም ተናገሪ። ሁሉም ቦታ ላይገኝ ስለሚችል ከወዲሁ የት እንደሚገኝ አጠይቂ።

ጥያቄ (የአራስ እህት፣ አምስት ኪሎ)፦ እህቴ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። ገንፎው አለ፣ ጠያቂው አለ፣ እሷ ግን ታለቅሳለች። ልጁን ማቀፍም አትፈልግም።

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስ ብዙ እናቶችን ይነካቸዋል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ሦስት ሳምንት ሆኖ ልጁን መሸሽ ከጀመረች ግን ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የድብርት በሽታ ሊሆን ይችላል። ምስጋና ቢስ አይደለችም፣ እናትነትም አልጎደላትም፤ ታማለች። «ልጅሽ ጤነኛ ነው፣ ምን ያስለቅስሻል» የሚላትን ሰው ቀስ ብለሽ አርቂላት። ሌሊት አንቺ ልጁን ይዘሽ እንቅልፍ ትተኛ። የምታጠባ እናት ልትወስዳቸው የምትችላቸው መድኃኒቶች አሉ፣ ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ራሷን ወይም ልጁን ስለመጉዳት ካወራች፣ የሌለ ነገር ካየች ወይም ከሰማች ደግሞ ለደቂቃ ብቻዋን ሳትተዪ ዛሬውኑ ሆስፒታል።

ጥያቄ (36፣ ሳሪስ)፦ ጡቴ ላይ እንደ ባቄላ ያለ እብጠት አለ። አያመኝም፣ ስለዚህ ተውኩት።

መልስ፦ አያመኝም ብለሽ መተው የለብሽም። የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ግን በእጅ ዳስሶ መለየት አይቻልም፣ እኔም አልችልም። በአልትራሳውንድ ይታያል፣ ከዚያ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ነው፤ ብዙዎቹም እንዳንቺ ወጣቶች ናቸው። በዚህ ሳምንት ሂጂ። መርፌው ካንሰሩን ያሰራጨዋል የሚባለው ትክክል አይደለም።

ጥያቄ (50፣ ቦሌ)፦ ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ በትንሹ እቆጣለሁ። የወር አበባዬ ከቀረ 5 ወር ሆነኝ።

መልስ፦ እትዬ፣ ማረጥ እየመጣ ነው። 12 ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቀር አረጡ ይባላል፤ እስከዚያ ማርገዝ ስለሚቻል መከላከያውን አይተዉ። ቡናና በርበሬ የሚያብስባት ሴት አለች፣ ቀንሰው ይሞክሩት። ከበረታብዎ በሆርሞን ይታከማል፤ ለሁሉም ስለማይሆን ሐኪም ታሪክዎን አይቶ ይወስን። ደም ግፊትና ስኳርም ይለኩ። አንድ ነገር ግን ይያዙልኝ፦ ዓመት ሙሉ ከቆመ በኋላ ጠብታ ደም እንኳ ቢያዩ «ተመለሰልኝ» ብለው እንዳይደሰቱ፤ የማህፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይታዩ።

ጥያቄ (38፣ አራት ኪሎ)፦ እናቴ 64 ዓመቷ ነው፣ ከገጠር አምጥቻታለሁ። ሰውነቷን ሳጥባት ከብልቷ ሥጋ የመሰለ ነገር ወጥቶ አየሁ። «ከወንድምሽ ልደት ጀምሮ ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ።

መልስ፦ የማህፀን መውጣት ይመስላል። ብዙ የወለዱ፣ ምጥ የጠናባቸው፣ አራስነታቸው ሳያልቅ እንስራና እንጨት የተሸከሙ እናቶች ላይ እናየዋለን። ማህፀኑን የሚደግፉት ጡንቻዎችና ጅማቶች ሲላሉ ይወርዳል። እናትሽ እስከ ዛሬ ይህን ይዘው ቁጭ ብለው፣ ቆመው፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ እንግዳ አስተናግደው ኖረዋል። ያፈሩበት ነገር ግን በሽታ ነው፣ ሕክምናም አለው። ቀለል ያለ ከሆነ የዳሌ ወለል ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና የሚደግፍ ቀለበት ይበቃል፤ የበረታ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።

ሽንት ሳይታወቃቸው ሁልጊዜ የሚፈስሳቸው ከሆነ ደግሞ ፊስቱላ፣ ማለትም በፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላልና ለይተሽ ጠይቂያቸው። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ሕመም በነፃ የሚያክም የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል እዚሁ ከተማችን አለ።

አሁን «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢላቸው። «ሴት ሐኪም ታይሽ፣ እኔም አብሬሽ እገባለሁ» በያቸው። መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ አምጫቸው፤ የማኅበረሰብ ጤና መድህን ካላቸው ሆስፒታል የሚቀበላቸው በሪፈር ወረቀት ስለሆነ መታወቂያውን ይዛችሁ ኑ።