ለሃምሳ አለቃ እንጠይቅ፦ የአያቴ ደብዳቤዎች ለምን ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑ?

ጥያቄ፦ አባባ ሃምሳ አለቃ፣ እንደምን ከረሙ? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። አያቴ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ካራማራ ዘምቷል። ስለዚያ ጊዜ ስጠይቀው «እሱን ተወው» ብሎ ወሬ ይቀይራል። በቅርቡ በሴት አያቴ ሳጥን ውስጥ የያኔ ደብዳቤዎቹን አገኘሁና ጓጉቼ አነበብኳቸው። ሁሉም አንድ ናቸው። ለእገሌ ሰላም በሉልኝ፣ ለእገሊት ሰላም በሉልኝ፣ እኔ ደህና ነኝ። አለቀ። ስለ ውጊያው አንድ መስመር የለም። ለሚስቱ እንኳ «ናፍቀሽኛል» አላለም። ሰው ጦር ሜዳ ሆኖ የሚጽፈው ያጣል? ከዚያ ወዲህስ ለእርስዎ በጣም የተለወጠው ምንድን ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የሚያስቸግረኝ ጉልበቴ ብቻ ነው።

መጀመሪያ እኔም ልጠይቅህ። ጽሕፈቱን አስተውለኸዋል? አያትህ እንደ እኔ ባላገር ከነበረ፣ ያን ጊዜ ፊደል የቆጠረ አይመስለኝም። በ1969 የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ ከየገጠሩ ወጥተን ታጠቅ ማሠልጠኛ ሰፈር የገባነው ሚሊሻዎች 300 ሺህ ገደማ ነን ይባላል። አብዛኞቻችን እርፍ ከመጨበጥ በቀር እርሳስ ይዘን አናውቅም። ስለዚህ ደብዳቤ የሚጽፍልን ሌላ ሰው ነበር።

የእኛ ጸሐፊ ስድስተኛ ክፍል የደረሰ አንድ አሥር አለቃ ነበር። ኮቾሮ፣ ያ ደረቁ የወታደር ብስኩት፣ የተላከበትን ካርቶን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። እኛ ተሰልፈን እንጠብቃለን። ተራህ ሲደርስ ጮክ ብለህ ትናገራለህ፣ ከኋላህ ያለው ሁሉ ይሰማል። እስቲ እዚያ ቆመህ «ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ፈርቻለሁ» በል! አሥር አለቃውም ቢሆን ገና አፍህን ሳትከፍት «ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል፣ እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ብሎ ጀምሮታል። አንተ የምትጨምረው የሰው ስም ነው። ስም ከዘለልክ ደግሞ ጉድ ነው፤ የተዘለለው ሰው አገር ቤት ያኮርፋል።

ደብዳቤው ደርሶስ? እረፍት የወጣ ወይም የቆሰለ ሰው ይዞት ይሄዳል። መንደር ሲደርስ የሚያነበው ቄሱ ነው፣ ካልሆነም ተማሪ። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ያዳምጣል። ታዲያ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት «ናፍቀሽኛል» የሚል ወንድ የት ይገኛል?

ሚስቴ ግን ከእኔ ትበልጥ ነበር። ጅጅጋ በመስከረም 1970 በጠላት እጅ ወድቃ፣ እኛ ወደ ሐረር ግድም ተገፍተን ሳለን ደብዳቤዋ ደረሰኝ። ቄሱ ነው የጻፈላት። ሰላምታው ካለቀ በኋላ «ቀዩ በሬ ካንተ ከተለየ ወዲህ ሳር አልቀመሰም፣ ሌሊት ሌሊት ይጮኻል» ይላል። አሥር አለቃው አንብቦልኝ «በሬህ ታሟል፣ መድኃኒት ይፈልጉለት» አለኝ። እኛ ቀይ በሬ ኖሮን አያውቅም። ያሉን ሁለት ጥቁሮች ናቸው።

እኔም «ለቀዩ በሬ ንገሩት፣ እመጣለሁ» ብዬ አስጻፍኩ። ጓዶቼ በሬ ወዳድ ነው ብለው ሲስቁብኝ ከረሙ።

ስለዚህ የአያትህን ደብዳቤዎች እንደገና አንብባቸው። የማይመስል ነገር ካለ፣ የሌለ ላም፣ ያልተዘራ እርሻ፣ እዚያ ላይ ቆም በል።

ምን ተለወጠ ላልከው፣ ሰው መንገዱን፣ ፎቁን፣ ስልኩን ይቆጥራል። ለእኔ ግን ትልቁ ለውጥ ፊደል ነው። ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970 ተይዞ፣ ጅጅጋ ተመልሳ፣ እኛ እዚያው ግድም ቀረን። በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ሰፈራችን ውስጥ ማታ ማታ «ሀ ሁ» እንላለን። ጎኔ የሚተኛው የወላይታ ልጅ እናት፣ አገሯ ሆና በራሷ በወላይትኛ ፊደል ቆጠረች። ልጁ ይህን ሲሰማ ያለቀሰውን እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚያ መንግሥት ብዙ ክፉ ነገር ይነገራል፣ ብዙው እውነት ነው። ለዚህች ግን አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ በገዛ እጄ ስጽፍ ነፃ የወጣሁ መሰለኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ለካ አገር ቤት የሚያነበው ያው ቄሱ ነው! በኋላ ስሰማ፣ መሀል ላይ ደርሰው አሳላቸውና «የቀረው ሰላምታ ነው» ብለው ወረቀቱን አጣጠፉት አሉ። ነፍሳቸውን ይማር፣ ጨዋ ሰው ነበሩ። ሚስቴ በሚቀጥለው ዙር ተመዘገበች። እሷ ራሷ የጻፈችልኝ ደብዳቤ ሦስት መስመር ነው፣ ፊደሉ ወዲያና ወዲህ ይወድቃል። ምን ይላል ብለህ አትጠይቀኝ።

ስለዚህ የልጅ ልጆቼ ስልካቸውን በቁልፍ ሲዘጉ አልቆጣም። እኩዮቼ «ምን የሚደበቅ ነገር አላቸው?» ይላሉ። ይኑራቸዋ! እኛ ተነፍገን ነው እንጂ ጠልተነው አይደለም።

የማልወደውን ልንገርህ። ዛሬ ጦርነት በስልክ ይታያል። አንዱ የልጅ ልጄ የወደቀ ወታደር ቪዲዮ አሳየኝ። አጥፋው አልኩት። ያ ልጅ እናት አለችው። በእኛ ጊዜ መርዶ በሌሊት፣ ጎህ ሳይቀድ ነበር የሚነገረው። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፣ ጎረቤት ይነገረዋል፣ ደጋፊ ሴቶች ከበር ይቆማሉ። እናት ብቻዋን አትሰማም። መዘግየቱ ክፉ ነበር፣ ወሩም ዓመቱም ሊያልፍ ይችላል፤ አልዋሽህም። ግን ስትሰማ የሚይዛት ሰው ነበር። አሁን ጓዳ ቆማ ሽንኩርት እየከተፈች ስልኳ ጢን ይላል። ይህን የሚያስተካክል ዘዴ ካላችሁ፣ እናንተ የተማራችሁት ፈልጉ።

አያትህን «ውጊያው እንዴት ነበር?» አትበለው። እኔም ብባል ዝም ነው የምለው። ደብዳቤህን ማን ይጽፍልህ ነበር በለው። ስሙን ይነግርሃል። ስሙን ከነገረህ የቀረውን አትጎትተው፣ ራሱ ይመጣል።

ጥያቄ፦ አባቴን በካራማራ በዓል ቀን አዲስ አበባ የዚያ ጦርነት መታሰቢያ ወደሆነው ትግላችን ሐውልት ልወስደው አስቤያለሁ። ጥሩ ነው?

መልስ፦ አስቀድመሽ ጠይቂው እንጂ ድንገት አትውሰጂው። አንዳንዱ የካቲት 26 የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ ማየት ይወዳል። ሌላው ሰልፉና ማርሹ ይከብደዋል፣ ሰው በሌለበት ተራ ቀን መሄድ ይመርጣል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ከሄዳችሁ በጠዋት ሂዱ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። አልሄድም ካለ አንዴ ጠይቀሻል፣ ይበቃል።