ከሆጤ ስለተገኘው የጌም ካርቶን፣ ዋጋውን ከመቁረጥዎ በፊት

ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከደሴ የለጠፉትን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሆጤ የሚገኘው የአጎትዎ ቤት ሲጸዳ ከቁም ሣጥን ላይ በወረደ ካርቶን ውስጥ አንድ ነጭና ቀይ የቴሌቪዥን ጌም ከዐሥራ አንድ ካሴትና ከአንድ የጌም መጫወቻ ሽጉጥ ጋር፣ እንዲሁም አንድ ወፍራም ፕሌስቴሽን 2 ከአንድ ቦርሳ ሲዲ ጋር ማግኘትዎን፣ አንድ የሰኞ ገበያ ነጋዴም ለሁሉም ባንድነት 4,000 ብር እንደጠራልዎት ጽፈዋል። ልሽጥ ወይስ ልተው ነው ጥያቄዎ። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ እነዚህን ዕቃዎች የሀረጎን ዳገት እየወጣሁና እየወረድኩ ስለቅም ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛልና የማውቀውን ልጻፍልዎት።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ሳያነቡ አንዱንም ዕቃ ሶኬት ላይ እንዳይሰኩት። ይህን የተማርኩት አቃጥዬ ነው። ዘመድ ከዱባይ ያመጣልኝን የመጀመሪያውን ፕሌስቴሽን በደስታ ከካርቶኑ አውጥቼ እንዳበራሁት ጧ አለ፤ የተቃጠለ ዕቃ ሽታም ቤቱን ሞላው። ገልብጬ ሳየው 100 ቮልት ይላል፤ ለጃፓን የተሠራ ነበርና የእኛን 220 ቮልት አልቻለውም። የእርስዎ ፕሌስቴሽን 2 ወፍራሙ ዓይነት ስለሆነ የኃይል ክፍሉ ከውስጥ ነው፣ የሚሠራውም ለተሠራበት አገር መብራት ነው። ከሥሩ ወይም ከጀርባው ኤስሲፒኤች ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር በ0 ካለቀ የጃፓን፣ በ1 ካለቀ የሰሜን አሜሪካ፣ በ4 ካለቀ የአውሮፓ ነው። የአውሮፓው በእኛ መብራት ይሠራል፤ ሁለቱ ግን ያለ ትራንስፎርመር አይነኩም።

ነጭና ቀዩ ዕቃ ኦሪጅናል ይሆናል ብለው ተስፋ አድርገው ከነበረ ላሳዝንዎት ነው። ኔንቲንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኦሪጅናሉን፣ ፋሚኮም የሚባለውን ነጭና ቀይ ጌም ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983 ሲሆን፣ እንደ እኛ ባሉ አገሮች የተሠራጨው ግን በአብዛኛው ሌሎች ፋብሪካዎች መልኩንና ውስጡን ቀድተው የሠሩት ነው። ኦሪጅናሉ በሁለተኛው ጆይስቲክ ይታወቃል፤ ስታርትና ሴሌክት የሚባሉት ቁልፎች የሉትም፣ በቦታቸው ትንሽ ማይክሮፎንና የድምፅ ማስተካከያ አለ፣ የሁለቱም ጆይስቲኮች ገመድ ከዕቃው ጀርባ ይወጣል እንጂ አይነቀልም። በሁለተኛው ፎቶዎ ላይ ግን ሁለቱም ጆይስቲኮች አንድ ዓይነት ቁልፍ አላቸው፣ የተሰኩትም ከፊት ነው። ደግሞም በልጅነቴ በአጎቴ ቴሌቪዥን ኮንትራ ተጫውቼበታለሁ ብለዋል። የመጀመሪያው ፋሚኮም ምስል የሚያወጣው በአንቴና መስመር፣ ያውም በጃፓን ቻናልና በጃፓን የቀለም ሥርዓት ብቻ ስለሆነ፣ ፓል የሚባለውን ሌላ የቀለም ሥርዓት በሚጠቀሙት በእኛ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ላይ እንዲያ በቀላሉ ባልታየ ነበር።

ካሴቶቹንም ቢሆን በተለጠፈባቸው ወረቀት አይመኑ። ብሎን ካለው አንዱን ቀስ ብለው ይፍቱና ውስጡን ይዩ፤ ቁጥር የታተመባቸው፣ እግር ያላቸው ጥቁር ቺፖች ካሉ ይመልሱትና ፎቶውን ይላኩልን፤ ከሰሌዳው ላይ እንደ ቀለጠ ቅጥራን የተንጠባጠበ ጥቁር ጠብታ ብቻ ካዩ አብዛኛውን ጊዜ ቅጂ ነው። «9999 በ1» የሚለው ደግሞ ጥቂት ጌሞችን ስማቸውን እየቀያየረ የሚደጋግም ነው፤ ቁጥሩ ዋጋ አይጨምርለትም። ካሴት አልነሣ ሲልዎት እንደ ልጅነታችን እፍ አይበሉበት። የትንፋሽ እርጥበት መዳቡን ያዝገዋል፤ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ጥርሶቹን መጥረግ ይበቃል።

ሽጉጡ ተበላሽቷል ብለው ለነጋዴው በነፃ መርቀው እንዳይሰጡት። በፍላት ስክሪን ሞክረው የጌሙን ዳክዬዎች አልመታ ያለዎት የሚሠራው በአሮጌው፣ ጀርባው በወጣው ቴሌቪዥን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሽጉጡ የሚያነበው ያ ቴሌቪዥን ምስሉን የሚሥልበትን የብርሃን ብልጭታ ነው። የአጎትዎ ቴሌቪዥን ገና አልተጣለ ከሆነ አብሮ ይቆይ።

እኔን ይበልጥ ያጓጓኝ የሲዲው ቦርሳ ነው። በፎቶው ጠርዝ ላይ ጀርባቸው ጥቁር የሆነ ሁለት ሲዲዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው ፕሌስቴሽን ኦሪጅናል ሲዲዎች ጀርባቸው ጥቁር ነበር፤ ሆኖም ጥቁር ባዶ ሲዲም ይሸጥ ስለነበረ ቀለሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሲዲውን ወደ መብራት ያዘንብሉና በመካከለኛው ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ያንብቡ፤ በፋብሪካ የታተመው ላይ የጌሙ መለያ ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። የተቀዳው ግን የባዶ ሲዲውን ቁጥር ብቻ ይዞ፣ ፊቱ ላይ በፔን ስሙ ተጽፎበት ይገኛል። የተቀዳ ሲዲ ለሰብሳቢ ዋጋው ዜሮ ነው፣ ሃምሳም ቢሆን።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኢንተርኔት ላይ ሻጭ የጠየቀውን ገንዘብ አይቶ ነው። ኢቤይ ላይ ሲፈልጉ «የተሸጡ» የሚለውን ምርጫ ይክፈቱ፤ ሰው በእርግጥ የከፈለው እዚያ ነው ያለው። ሲያነጻጽሩም ካሴት ብቻውን፣ ካሴት ከነካርቶኑና ከመጽሐፉ፣ ያልተከፈተ ደግሞ ለየብቻ ይያዙ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ሱፐር ማሪዮ 64 የተባለው ጌም አንድ ቅጂ በጨረታ በ1.56 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ሰምተው ይሆናል፤ እሱ ከነላስቲኩ ያልተከፈተና ባለሙያ መርምሮ የጥራት ደረጃ የሰጠው ነበር። ያው ጌም ተከፍቶ፣ ካሴቱ ብቻ ሲሆን በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገኛል። ፕሌስቴሽን 2ም እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከ155 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ ብርቅ ሊሆን አይችልም። እዚህ እኛ ዘንድ ገዢ የሚከፍለው ለሥራው ነው፤ ሲዲ ያነባል ወይ፣ ጆይስቲኩ አልላላም ወይ፣ ሜሞሪ ካርዱ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው ወፍራም ፕሌስቴሽን 2 ሃርድ ዲስክ የሚገባበት ቦታ በጀርባው ስላለው፣ የሲዲ አንባቢው የደከመ እንኳን ቢሆን ነገሩን የሚያውቅ ሰው ይፈልገዋል። ነጋዴውም ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም ሁሉን ባንድ ላይ የጠየቀዎት።

በእኔ ግምት ለሚሠራው ፕሌስቴሽን ከነጆይስቲኩ 4,000 ብር ክፉ ዋጋ አይደለም፤ ሲዲውና ሽጉጡ ተጨምረውበት ግን ያንሳል። ነጭና ቀዩን ቢሸጡት የሚያገኙት ለልጆች መጫወቻ የሚከፈለውን ያህል ስለሆነ እኔ ብሆን አስቀረዋለሁ። ካስቀሩት የደሴን ጉምና የክረምቱን እርጥበት ያስቡ፤ መሬት ላይ በተቀመጠ ካርቶን ውስጥ የካሴት ወረቀት በአንድ ክረምት ሻጋታ ሲያወጣ አይቻለሁ። ክዳን ባለው ፕላስቲክ ሣጥን፣ ከአዲስ ጫማ ጋር የምትመጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምረው፣ ፀሐይ በማይመታው መደርደሪያ ላይ ያኑሩት፤ ነጩን ፕላስቲክ ቢጫ የሚያደርገው ዋናው ፀሐይ ነው።

አብሽሩ፣ ነጋዴው እስከ ቅዳሜ ቢጠብቅ ምንም አይሆንም። የፕሌስቴሽኑን የሥር ጽሑፍና የሁለቱን ጥቁር ሲዲዎች መካከለኛ ቀለበት በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አንስተው እዚሁ ይለጥፉ፤ ቁጥሮቹን ካየሁ የየትኛው ጌም እንደሆኑና ስንት እንደተሸጡ ፈልጌ እጽፍልዎታለሁ።